ያልነካኝ ጥጥ

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ገላው ላይ የማያሳክክ፣ የማያም፣ ነጣ ያለ ምልክት ወጥቶበት «ካላመመኝ ምን አስቸኮለኝ» ብሎ የተቀመጠ ነው። ሁለተኛው እንደ እኔ ያለ ሁሉን ዐውቃለሁ ባይ ሽማግሌ ነው። ይህ ሁለተኛው ምክር እንደማይሰማ ከራሴ ስለማውቅ ብዙ ተስፋ አላደርግበትም፤ ሚስቱ ታንብበውና ጎትታ ታስነሣው።

ስሜ ይስማው ነው። እዚህ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ባለችው ገሳይ ግን በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «ሐኪም» ነው የሚሉኝ። ሐኪም አይደለሁም። ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ፣ ኪኒን ቆጣሪ። ሰው ሐኪም ሲለኝ ግን አንድ ቀን አርሜ አላውቅም። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነው፤ ሌሎቹን በየተራቸው እናገራለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩት ከዚህ በጣም ርቆ፣ በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ባለ ቆላ፣ አንድ የፈረንጅ ሚስዮን በከፈተው ክሊኒክ ነው። የሕዝቡን ስም አልጠራም። ልጆቻቸው ዛሬ መምህርና ነርስ ሆነዋል፤ ይህን አንብበው «ያ ደገኛ ስለ አባቶቻችን ምን ቀባጠረ?» እንዲሉኝ አልፈልግም። በዚያን ጊዜ መንገድ አልነበረም። መድኃኒት የሚመጣው ሣር ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ከማረፏ በፊት ከብቶቹን ከሜዳው ማባረር ደግሞ የድሬሰሩ ሥራ ነበር። ከብቶቹ ከእኔ ይልቅ አውሮፕላኗን ይሰሙ ነበር።

ክሊኒኩን የምትመራው ሲስተር ሄልጋ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫዋን ፀሐይ የላጠው። አማርኛ የተማረችው ከአንዲት ምግብ ሠሪ ሴት ስለነበር ወንዱን ሁሉ «አንቺ» ትላለች። «ይስማው፣ ቶሎ ነይ! ባልዲ አምጪ!» ትለኛለች በሰው ፊት። የወረዳው አስተዳዳሪ ሽጉጡን ታጥቆ ሊጎበኘን ሲመጣ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ተቀመጪ» አለችው። ሰውየው ግራ ቀኝ ተመለከተና ተቀመጠ።

ሚስዮኖቹ ጠዋት ጠዋት ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ። እኔ የደብር ልጅ ነኝ፤ አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ሃይማኖቴን ያስለውጡኛል ብዬ ስለምፈራ ጥግ ይዤ አማትብ ነበር። አንድ ቀን ሲስተር ሄልጋ አየችኝ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ «አማትቢ፣ አማትቢ። ስትጨርሺ ያንን እግር እጠቢ» አለችኝና ባልዲውን ሰጠችኝ።

የእግር ነገር ከተነሣ ልጨርሰው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን እግር የሚታጠበው በዓመት አንድ ቀን፣ ጸሎተ ሐሙስ ነው። እሷ ዘንድ ግን በየቀኑ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ጣቱ ያለቀ፣ ቁስሉ የሸተተ እግር በሁለት እጇ ይዛ ስታጥብ ፊቷ አይለወጥም። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በአፍንጫዬ ሳልተነፍስ አሳለፍኩ። በኋላ ለመድኩት። በመጨረሻም «ሥጋ ደዌ እንደ ማንኛውም በሽታ ነው፤ ይታከማል፤ አያሳፍርም» እያልኩ በየመንደሩ የማስተምር ሆንኩ። ስንቱን እንዳስተማርኩ አልቆጠርኩም። ያልተማረው ማን እንደነበር ግን አሁን ዐውቄዋለሁ።

ምርመራው በጥጥ ነበር። ሥጋ ደዌ የሚያጠቃው ነርቭን ነው፤ ነርቭ ማለት ከጣት ጫፍ እስከ አንጎል ወሬ የሚያደርስ ክር ነው። ክሩ ሲታመም ወሬው አይደርስም፤ ጣትህ እሳት ላይ እያለ አንተ ስለ ዝናብ ታወራለህ። ስለዚህ ታማሚው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ቆዳውን በጥጥ ጫፍ ትነካውና «ይሰማሃል?» ትለዋለህ። ይኸው ነው።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለበሬያቸው ስለሚዘፍኑለት «ባለ በሬው» እንላቸው ነበር። ክንዳቸው ላይ ነጣ ያለ ምልክት ወጣና ወደ እኔ መጡ። በጥጥ ነካኋቸው። «ይሰማል?» «አዎ።» «ይህስ?» «አዎ።» አሥር ጊዜ ጠየቅሁ፤ አሥሩንም አዎ አሉኝ። «ስሜቱ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩና ሸኘኋቸው። በዓመቱ ሲመለሱ የሁለት ጣታቸው ጫፍ አልነበረም። እሳት በልቶታል፤ ሲበላው አላወቁም።

ሲስተር ሄልጋ አስቀምጣቸው ዓይናቸውን አስጨፈነች። ጥጡን አየር ላይ ይዛ፣ ምንም ሳትነካ፣ «ይሰማል?» አለች። «አዎ» አሉ ባለ በሬው። ለምን እንዲህ እንዳሉ ጠይቂልኝ አለችኝ፤ ጠየቅሁላት። ሰውየው በእኔ አለማወቅ ተገርመው እንዲህ አሉ፦

«ይህ ልጅ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ላቡን እያንጠባጠበ ይሰማሃል ወይ ይለኛል። አይሰማኝም ብዬ ላሳፍረው?»

ሲስተር ሄልጋ ወደ እኔ ዞረች። «ይስማው፣ አንቺ ጥጡን አየሽ። ሰውየውን አላየሽም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት አብሬያት ስሠራ የወቀሰችኝ በዚያች ቀን ብቻ ነው።

ለሽማግሌው ሕመሙን ሳስረዳቸው ቋንቋቸውን ገና አልበሰልኩበትምና «ቆዳህ ሞቷል» አልኳቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁብኝ። «ከሞተ ለቅሶ ድረሰኛ! እኛ እንዲህ ያለውን ተኝቷል ነው የምንለው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ተኝቷል ማለት ተማርኩ። ጣታቸው ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነኝ። ጡረታ ወጥቼ ወደ አገሬ ከተመለስኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ጓሮዬ ስድስት ቀፎ ንብ አለ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት በጥቅምት፣ ማር ስቆርጥ ነው። ንቦቹ ቀኝ እጄን ሲነድፉኝ እንደ ፍየል እዘላለሁ። ግራ እጄን ግን ምንም አላለኝም። ቤት ስገባ ሚስቴ አንጓች ግራ እጄን ይዛ አገላበጠችው።

«ይስማው፣ ይህ ሁሉ የንብ እሾህ ምንድን ነው? ሰባት ነው የቆጠርኩት!»

«ለመዱኝ» አልኳት። «የሐኪም እጅ ያውቃሉ። መርዛቸውም አይሠራብኝም።»

አንድ ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ለጎረቤት ሳወራ ሰነበትኩ። ጠላ ቤት ውስጥ ንብ የማይነድፈው ሽማግሌ እየተባልኩ ወንበር ይለቀቅልኝ ነበር። ንቦቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ወሬው ነው ያልደረሰኝ።

ቀጥሎ ግራ ክርኔ አካባቢ ይነዝረኝ ጀመር። ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ፣ የቀለበት ጣቴ፣ ሸሚዝ መቆለፍ እምቢ አሉኝ። ክንዴ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ነጣ ያለ ምልክት ነበር፤ ፀጉሩም ረግፏል። ድሬሰር ይስማው ይህን በሌላ ሰው ክንድ ላይ ቢያይ ከሃያ እርምጃ ይለየው ነበር። በራሱ ክንድ ላይ ሲሆን «እርጅና ነው» አለ።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ጭርት ነው ተብዬ ቅባት ተሰጠኝ። ተቀባሁ፤ ምልክቱ አማረበት እንጂ አልጠፋም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ስኳር ሳይሆን አይቀርም ተባልኩ። ደሜ ተመረመረ፤ ስኳር የለብኝም። «እንግዲያው የቫይታሚን ማነስ ነው» ብለው ዐሥር ቀን መርፌ ወጉኝ። መርፌው መቀመጫዬን በደንብ አገኘው፤ እጄን ግን አላገኘውም። በእነሱ አልፈርድም። ሁለቱም ጋ ስገባ «እኔም የሙያው ሰው ነኝ» ብዬ ነበር፤ የሙያውን ሰው ማን ደፍሮ ልብሱን ያስወልቀዋል?

ጎረቤቶቼ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሂድ አሉኝ። ከገሳይ ተሳፍሬ፣ ደብረ ታቦር ወርጄ፣ እንደገና ተሳፍሬ፣ ሐሙሲት ደርሼ፣ ወንዛዬ ገባሁ። ሰው ሁሉ ውሃው በረድ ወደሚልበት ወርዶ ይታጠባል። እኔ ከምንጩ አፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ግራ እጄን ነከርኩና ከአንድ የእብናት ገበሬ ጋር ስለ ዘንድሮ ማሽላ ወሬ ያዝኩ። ወሬው ጥሩ ነበር። በመካከል ከታች አንዲት ሴት ጮኸች፦

«ኧረ አባባ፣ እጅዎን! እዚያ እንቁላል ነው የሚቀቀለው!»

አወጣሁት። ቀልቶ አብጧል፤ ትንሿ ጣቴ ላይ ውሃ ቋጥሯል። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ሰዎቹ በአድናቆት ከበቡኝ፤ አንዱ «የጸሎት ሰው ናቸው» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። አላረምኩትም። ሆዴ ግን በዚያች ሰዓት ዐውቆ ነበር። አፌና እግሬ ናቸው የዘገዩት።

ቃጠሎውን ለማሳከም በጥር ደብረ ታቦር ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን አለ፤ አንድ ሰው አፉን ያንቀሳቅሳል፤ ሁላችንም እንደሰማነው ሁሉ አንጋጠን እናየዋለን። ተራዬ ደርሶ የገባሁት መክሊት የምትባል የጤና መኮንን ዘንድ ነው። ከጉራጌ አገር የመጣች፣ የልጄ ልጅ የምትሆን ሴት ናት። እጄን አየች፤ ሳልጠይቃት እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴን አየች። መሳቢያዋን ከፍታ ጥጥ አወጣች።

«አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ። ስነካዎት አዎ ይበሉኝ። ይሰማዎታል?»

አሁን ሁለተኛው ጥፋቴ። ይህን ምርመራ ሺህ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ጤነኛውን ቦታ ነክተህ ወደ ታመመው ትሄዳለህ፤ በእኩል ጊዜ ትነካለህ፤ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለህ። በዚያ ላይ የመክሊት ጋውን አዲስ ነው፤ እጇን ባነሣች ቁጥር እጅጌዋ ይንኮሻኮሻል። ኮሽ ሲል «አዎ» አልኩ። ኮሽ፣ አዎ። ኮሽ፣ አዎ። አንድም አልሳትኩ።

«ስሜቱ ደህና ነው» ብላ ስትጽፍ ብዕሯ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። የቃጠሎ ቅባት ሰጥታ ሸኘችኝ።

ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ሚኒባሱ ከከተማ ሳይወጣ ባለ በሬው ትዝ አሉኝ። እሳቸው የዋሹት እኔን ላለማሳፈር ነበር። እኔ የዋሸሁት እኔን ላለማሳፈር ነው። ወርጄ መመለስ እችል ነበር። አልወረድኩም።

ለምን እንዳልወረድኩ ሳልሸፋፍን ልናገር፤ የጽሑፉ ጥቅም እዚህ ላይ ነውና። በልጅነታችን በዚህ በሽታ የተያዙ ሰዎች በገበያ ሲያልፉ የምንጠራቸውን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ያ ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ አልነበረም፤ ለካ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ኖሯል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንጓች ጋር በአንድ ገበታ መብላት ተውኩ። በአንድ ገበታ በመብላት እንደማይተላለፍ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ ለራሴ ሲሆን ትምህርቱ ጠፋኝ። «ሱባኤ ይዣለሁ» ብዬ በሳህን ለብቻዬ ጥግ ይዤ እበላለሁ። አልጋም ለየሁ። አንጓችን ካገባኋት አርባ ሰባት ዓመት ነው፤ ስትናደድ አንቱ ትለኛለች። ያን ሰሞን አንቱ ብቻ ሆንኩ።

«አንቱ፣ ይህ ሱባኤ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔር ቢያውቅማ ይነግረኝ ነበር። ወይ እነዚያ ፈረንጆች ሃይማኖትዎን ለውጠውት ኖሮ አሁን ብቅ አለ፤ ወይ ደግሞ ሴት አለ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«እኔም ለእሷ ነው የማዝነው» አለችኝ።

መጋቢት ላይ ነው የተያዝኩት። ጎረቤታችን ሊጠይቀን መጥቶ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ነበር። አንጓች አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እኔ የወንዛዬን ታሪክ ለአራተኛ ጊዜ እያወራሁ ነው፤ ግራ እጄ መደቡ ላይ ተዘርግቷል። ጎረቤቴ ድንገት ዓይኑ ፈጠጠ። «ምነው?» ብዬ ዞር ስል የእንዝርቷ ጫፍ ትንሿ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ደም ይወርዳል። አንጓች እንዝርቱን እንደያዘች ታየኛለች። ሆን ብላ ነው።

ጎረቤታችን ተሰናብቶ እስኪሄድ ጠበቀች። ከዚያ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከጥቅምት።»

«ንቦቹ?»

«ንቦቹ።»

«ይህን ነገር ታውቀዋለህ?» አንቱው መቅረቱን ያኔ ልብ አልኩ።

«ዐውቀዋለሁ።»

«ከእኔ ገበታ የሸሸኸው ለዚህ ነው?»

 ጣቴን በነጠላዋ ጫፍ አሠረችና «ነገ እንሄዳለን። አብሬህ ነው የምገባው» አለች። ማታ አንድ ሳህን ብቻ ቀረበ። ጥግ ልይዝ ስነሣ እጅጌዬን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ በጥር መክሊትን እንዴት እንዳታለልኩም፣ እስከ እጅጌዋ ኮሽታ ድረስ፣ አናዘዘችኝ።

በማግስቱ መክሊት ዘንድ ገባን። አንጓች ወንበር ሳይሰጣት ተቀመጠችና ተናገረች።

«ልጄ፣ ይህን ሰውዬ መርምረሽው ነበር?»

«አዎ እማማ፣ በጥር። ስሜቱ ደህና ነበር።»

«ሌባ ነው። ጥጥሽን እንደገና አምጪ። ዓይኑን በነጠላዬ ልሰርልሽ።»

«ኧረ አንጓች...»

«ዝም በል። የኔ ልጅ፣ ያን የሚንኮሻኮሽ እጅጌሽንም ሰብስቢው። ጆሮው ደህና ነው፤ እጁ ነው የታመመው።»

መክሊት ጋውኗን አወለቀች። ነጠላው ዓይኔ ላይ ነው፤ የጥጥ ሽታ አለው። ክፍሉ ጭጭ አለ። ጠበቅሁ። አሁን ነካችኝ መሰለኝ። «አዎ» አልኩ። ዝምታ። «አዎ» አልኩ እንደገና፤ ድምፄ ግን አነሰ። ሦስተኛ ጊዜ «አዎ» ከማለቴ በፊት አንጓች ነጠላውን ከዓይኔ ላይ ገፈፈችው። መክሊት ጥጡን እንደያዘች ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከእኔ ሁለት ክንድ ርቃ ቆማለች። ምንም አልነካችኝም ነበር።

ሦስታችንም ሳቅን። ከሦስታችን መጀመሪያ ሳቁን ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ነበረብኝ።

መክሊት ክርኔን ዳበሰች፤ ነርቩ እንደ ጠፍር ወፍሯል። ከጆሮዬና ከክንዴ በቀጭኑ ጫር አድርጋ ናሙና ወሰደች፤ ላቦራቶሪው ተሕዋሱን አገኘው። ሥጋ ደዌ። ቃሉን ስትናገር ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር፤ ለሌላ ሰው ስናገረው እኔም ድምፄን እንደዚያ ዝቅ አደርግ ነበር።

«ከዚያ ከቆላው ነው ያመጣሁት» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል። ብዙ ዓመት ተደብቆ ይቆያል። ግን እዚህም አለ አባባ። ከገሳይ ሰው ይሁን ከቆላ ማንም ሊነግርዎት አይችልም።»

ልክ ናት። በሽታው ሁልጊዜ የሌላ አገር ሰው ነው ብዬ ማሰቤን አላወቅሁም ነበር።

«እጄስ?»

«መድኃኒቱ ተሕዋሱን ይገድላል፤ ያ ጥርጥር የለውም። ነርቩን ነው የምፈራው። ነርቭ ከደነዘዘ ስድስት ወር ሳይሞላው ከተደረሰበት ሊመለስ ይችላል። ካለፈ አስቸጋሪ ነው።» ከዚያ ካርዴን አገላብጣ የጥሩን ገጽ አየችው። «በጥር እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ ሦስት ወር ነበር» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከጥቅምት እስከ መጋቢት በጣቴ ቆጠርኩ፤ በቀኙ። አምስት ወር አልፎ ስድስተኛው ተጀምሯል።

አንጓችም ተመረመረች። ዓይኗን ጨፍና ጥጡ ሲነካት «አዎ»፣ ሳይነካት ዝም። አንድም አልተሳሳተችም፤ ገላዋም ንጹሕ ነው። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም የእሷን ያህል ምርመራ ፈርቼ አላውቅም።

መድኃኒቱ በነፃ ነው። የወር ኪኒን በአንድ ካርቶን ላይ በየቀኑ ተደርድሮ ይሰጣል። እሱን ይዤ አንጓች ካርድ ክፍል እስክትጨርስ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ካርቶኑን ጋቢዬ ውስጥ ልሸጉጠው ስል አጠገቤ የተቀመጠች የእብናት ነጋዴ፣ ሻሽ የጠመጠመች እስላም ሴት፣ አየችው።

«አባባ፣ ይህን ኪኒን ወንድሜ ውጦታል» አለችኝ።

«እሺ፣ ልጄ» አልኩ፤ ምን ልበል?

«ድኗል። ፍየል ይነግዳል። ሚስት አግብቷል። ይሰድበኛልም እንደ ድሮው።» ብርቱካን ልጣ ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ሰጠችኝ። ያስቀመጠችው በግራ መዳፌ ላይ ነው። ቀኙ ባዶውን ነበር፤ ዐውቃ ነው ያደረገችው። ስሟን አልጠየቅሁም፤ ሌላው ጥፋቴ ይህ ነው።

ኪኒኑ ለዐሥራ ሁለት ወር ይዋጣል። ሽንት ያቀላል፤ ባይነግሩኝ ኖሮ ደም ነው ብዬ እናዘዝ ነበር። ፊት ያጠቁራል። ለነርቩ እብጠት የተሰጠኝ ሌላው ኪኒን ደግሞ ጉንጭ ይነፋል። ጠቁሬ ጉንጬ ሲነፋ አንጓች «አሁን ገና ሀብታም መሰልክ» አለችኝ። ማሬን የሚወስደው አንድ ጎረቤት ወሬውን ሰምቶ ሁለት ወር ጠፋ። አንጓች መንገድ ላይ ጠብቃ ምሳ ጠራችው። ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ አስቀምጣው፣ መጀመሪያ ራሷ ከእኔ በኩል ቆርሳ በላች። ሰውየው ላብ አጠመቀው፤ በላ። ሲወጣ ማር ጠየቀ። እኔ በየመንደሩ ለዓመታት የሰበክሁትን እሷ በአንድ ምሳ ጨረሰችው።

ከሚያዝያ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ትመረምረኝ ጀመር። ከምትፈትለው ባዘቶ ቆንጠር ታደርግና «ጨፍን» ትለኛለች። አንዳንዴ ትነካለች፣ አንዳንዴ አትነካም፣ አንዳንዴ ተነሥታ ዶሮ አባርራ ትመጣለች፤ እኔ እንደጨፈንኩ ነኝ። ሚያዝያ ምንም። ግንቦት ምንም። ሰኔ ላይ ቅጠል ያረፈ መስሎኝ «አዎ» አልኩ፤ አልነካችኝም ነበር። ለሦስት ቀን አንቱ ሆንኩ። ከዚያ በኋላ የማላውቀውን አዎ ማለት ተውኩ። ክረምቱን በሙሉ «አይሰማኝም» ስል ከረምኩ። አንድ ሰው በአንድ ክረምት ይህን ያህል እውነት ሲናገር ደብረ ታቦር አካባቢ ታይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሰሞኑን እንደገና ጥቅምት ገባ። ስምንተኛውን ካርቶን ይዣለሁ፤ አራት ይቀረኛል። ትላንት ማር ለመቁረጥ ጭስ ይዤ ጓሮ ወረድኩ። ሁለተኛውን ቀፎ ስከፍት አንድ ነገር ጮኸብኝ። እኔው ነበርኩ። ጭሱን ጥዬ ግራ እጄን አየሁት። ንቧ የቀለበት ጣቴ ላይ እሾኋን ትታ እየበረረች ነው።

«አንጓች!» አልኩ። «ነደፈችኝ!»

ሮጣ መጣች፤ ባዘቶው በእጇ ነው። ፊቴን አየች፣ ጣቴን አየች። አላመነችኝም፤ አልፈርድባትም።

«ተቀመጥ። ጨፍን።»

ንቦቹ ራሳችን ላይ እየዞሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጨፈንኩ። ጠበቅሁ። የቀለበት ጣቴ ላይ የዝንብ እግር የመሰለ ነገር ሄደ።

«አዎ» አልኩ።

ዝም አለች። እኔ ዓይኔን ሳልገልጥ ቀጣዩን ጠበቅሁ። 

«አሁንስ?»

«አሁን ምንም።»

«አልነካሁህም» አለች፤ ድምፅዋ ተለውጧል። «ይህቺስ?»

«የቷ?»

«ትንሿ ጣትህ። እየነካኋት ነው።»

አዎ ማለት እንዴት እንዳማረኝ! «አይሰማኝም» አልኳት። «እሷ ተኝታለች።»

ዓይኔን ስገልጥ ተንበርክካ እጄን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። በጥፍሯ የንቧን እሾህ ከቀለበት ጣቴ ልታወጣ ያዘች።

«ቀስ በይ እንጂ» አልኳት። «ያማል።»